ብረቱ ከሻወር ቤት ይውጣ

መርካቶ ውስጥ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ከሚሸጡ ሱቆች በአንዱ ደጃፍ ጥቂት የቆመ ሰው፣ ገዢ ከኪሱ ማግኔት ሲያወጣ ያያል። ማግኔቷ ከተበላሸ ስፒከር የተፈለቀቀች ልትሆን ትችላለች፤ ከፍሪጅ በር ላይ የተነሳች ጌጥም ትሆናለች። ገዢው የሚያብለጨልጨውን የሽቦ መደርደሪያ ያገላብጣል፣ ማግኔቷን ያስጠጋል፣ ይጠብቃል። አልሳበችውም። ሻጩ ይህችን ቅጽበት ሲጠብቅ ቆይቷልና «አየህ ወንድሜ? ኦርጅናል ስቴንለስ ነው፤ ዕድሜ ልክህን ብትታጠብበት አይዝግም» ይላል። ብር ይቆጠራል፣ ዕቃው ፌስታል ውስጥ ይገባል፣ ገዢውም በተክለ ሃይማኖት በኩል አድርጎ ወደ ልደታ ኮንዶሚኒየም ይወርዳል።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ያንኑ መደርደሪያ ጠጋ ብሎ ማየት ነው። ሽቦዎቹ መሐላቸው ላይ አሁንም ያብለጨልጫሉ። ዝገቱ የጀመረው ሽቦ ከሽቦ በተበየደበት ቦታ ነው፤ በእያንዳንዷ የብየዳ ነጥብ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቡናማ ነቁጥ ወጥታለች። ሳሙና በሚቀመጥበት ጥግ፣ ውሃ በሚያቁርበት፣ ነቁጦቹ ተያይዘው ሽቦውን ሸፍነውታል፤ በጥፍር ሲፋቅ እንደ በርበሬ ይረግፋል። መደርደሪያውን ከያዙት ሁለት ብሎኖች ሥር ሁለት ቡናማ መስመሮች በነጩ ሴራሚክ ላይ ቁልቁል ወርደዋል። መሬት ላይ የተቀመጠው የጢም መላጫ ፎም ቆርቆሮ ሲነሳ ደግሞ ወለሉ ላይ ክብ የዝገት ቀለበት ትቶ ይነሳል።

የቤቱ ሰዎች የሚሰጡት ምክንያት የታወቀ ነው፤ «የቻይና ስለሆነ ነው»። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ በሚቀጥለው ወፈር ያለ፣ ወደድ ያለ፣ የቱርክ ወይም የጣልያን የተባለ ብረት ይገዛል። እሱም ሲዝግ ሌላ።

ከዚህ ልማድ በስተጀርባ ያለው እምነት ብዙ ቤት ውስጥ ያለ ነው። ቁም ነገረኛ ቤት ብረት ያስገባል፤ ፕላስቲክ የላጤና የተማሪ ነው፤ ብረቱ ከዛገ ርካሽ ስለተገዛ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ከዚህ እምነት ጋር ነው። በኮንዶሚኒየም ሻወር ውስጥ፣ ውሃ በቀጥታ በሚረጭበት ቦታ፣ ሳሙናና ሻምፖ የሚሸከመው ዕቃ ብረት መሆን የለበትም። ርካሹም፣ ውዱም። የብረቱ አገር ሲጠየቅ የኖረውን ያህል ስለ ክፍሉ ቢጠየቅ ኖሮ፣ ብዙ ቤተሰብ በየዓመቱ የሚከፍለውን ገንዘብ ባዳነ ነበር።

ነገሩ ከማግኔቷ ይጀመር። ስቴንለስ የሚባለው አንድ ብረት አይደለም፤ የቤተሰብ ስም ነው። ታሪኩ ሲነሳ የእንግሊዛዊው ሃሪ ብሬርሊ ስም አብሮ ይነሳል። እሱ በ1913 እ.ኤ.አ. ሼፊልድ ከተማ ውስጥ ቶሎ የማይበላ የጠመንጃ አፈሙዝ ለመሥራት ሲሞክር፣ ክሮሚየም የበዛበት ብረት ዝገትን እንደሚቋቋም አስተዋለ። ምሥጢሩ ክሮሚየሙ ነው። ከብረቱ ክብደት ቢያንስ 10.5 በመቶው ክሮሚየም ሲሆን፣ ክሮሚየሙ ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ብረቱን ዓይን የማያያት ቆዳ ያለብሰዋል። ይህች ቆዳ ከሰው ፀጉር ከአሥር ሺህ እጥፍ በላይ የሳሳች ናት። ስትጫር ራሷን ትጠግናለች፤ ለመጠገን ግን አየር ማግኘት አለባት።

ከዚህ በኋላ ቤተሰቡ ይለያያል። 304 የሚባለው ዓይነት ወደ 18 በመቶ ክሮሚየምና ወደ 8 በመቶ ኒኬል አለው፤ ጥሩ ድስትና ጥሩ የወጥ ቤት ገንዳ የሚሠራው ከዚህ ነው። ኒኬል ውድ ስለሆነ ግን ከኒኬሉ ብዙው ተቀንሶ በማንጋኒዝ የተተካበት 201 የሚባል ዓይነት አለ። ሲታይ ከ304 አይለይም፣ ሲዳሰስም አይለይም፣ ማግኔትም አይስበውም። እርጥበትና ጨው ሲያገኘው ግን ቀድሞ የሚሸነፈው እሱ ነው። በአንጻሩ 430 የሚባለው ኒኬል የሌለው ዓይነት፣ በትክክል ስቴንለስ ሆኖ ሳለ ማግኔት አጥብቆ ይስበዋል። ይባስ ብሎ 304 ራሱ ወደ ሽቦነት ሲጎተትና ሲጠማዘዝ በመጠኑ ማግኔት ሊስበው ይችላል። ስለዚህ ማግኔቷ የምትጠቅመው ክሮም የተለቀለቀ ተራ ብረትን ለመጠርጠር ብቻ ነው። 201ን በሰላም ታሳልፈዋለች፤ ደህናውን ሽቦ ልታስጥል ትችላለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ማግኔት ይዞ የሚዞረው ገዢ የጠረጠረ መስሎት የተመነጠረ ነው።

ክሮም የተለቀለቀው ተራ ብረትማ ከዚህም የባሰ ነው። ላዩ ላይ ያለችው ክሮም ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ የማትሞላ ሽፋን ናት። ሥሯ ኒኬል፣ ከኒኬሉ ሥር ራቁቱን የቆመ ብረት አለ። ሽቦው ሲታጠፍ፣ ብሎን ሲጠብቅበት፣ የሻምፖ ጠርሙስ ሲጋጨው ሽፋኑ ይሰነጠቃል፤ ውሃ በስንጥቁ ይገባል፤ ዝገቱም ከሥር ይነሳና ሽፋኑን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይገፈዋል። ነጭ ወይም ጥቁር ቀለም የተቀባውም ዕጣ ፈንታው ይኸው ነው።

ሰፈር ውስጥ ባለ ብረታ ብረት ቤት ማሠራትስ? ብዙ ሰው ይህን እንደ ብልኃት ያየዋል፤ ዕቃው ወፍራም ይሆናል፣ ባለሙያውም የሚታወቅ ሰው ነው። ይሁንና ብየዳ ስቴንለስን ያቆስለዋል። እሳቱ ያረፈበት ቦታ ሰማያዊና ወርቃማ መልክ ሲያመጣ፣ ያ መልክ መከላከያዋ ቆዳ እንደተበላሸች የሚናገር ምልክት ነው። ያ ቦታ በአሲድ ታጥቦ ካልጸዳ ዝገት የሚጀምረው ከዚያው ነው። ሌላም አለ። የበር ብረት ሲቆረጥበት በዋለ ዲስክ ስቴንለስ ከተቆረጠ፣ ከተራው ብረት የተረፈው ብናኝ ስቴንለሱ ላይ ተነክሶ ይቀራል፤ እሱ ይዝጋል፣ ስሙን ግን የሚያጠፋው የስቴንለሱን ነው። ድስት በሚፈገፈግበት የብረት ሽቦ መደርደሪያውን የምትፈገፍግ የቤት እመቤትም ሳታውቀው የምታደርገው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ «እውነተኛ 304 ፈልጎ ገዝቶ መገላገል ነዋ!» የሚል ተከራካሪ ይነሳል። ክርክሩ ጥሩ ነው፤ ልደታን ግን አላየም።

የልደታ ኮንዶሚኒየም ከመሠራቱ በፊት በቦታው የነበረው ሰፈር ጭቃ ግድግዳና ቆርቆሮ ጣሪያ የበዛበት፣ ብዙው ሰው በቀበሌ ቤት የሚኖርበት ሰፈር ነበር። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የመንግሥት የሆኑት ቤቶች፣ ከነጋራ መጸዳጃቸውና ከነቦኗቸው፣ ትውልድ አሳድገዋል። ገላ የሚታጠበው በሳፋ ነበር። ታጥበው ሲያበቁ ሳፋው ይደፋል፣ ይገለበጣል፣ ፀሐይ ይመታዋል። ሳሙናው በማስቀመጫው ሆኖ መስኮት ላይ ይወጣል። ኑሮው ጠባብ ነበር፤ የኑሮውን ጥበት ማንም ሊናፍቀው አይገባም። ዕቃው ግን በየቀኑ ይደርቅ ነበር። የሚደርቅ ብረት አይዝግም፤ ቢዝግም ዕድሜ ወስዶ ነው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ወደ መሐል ከተማ ዘልቆ ልደታ ሲፈርስና እንደገና ሲሠራ፣ ገላ መታጠቢያው ከግቢ ወደ ቤት ውስጥ ገባ። ትልቅ ለውጥ ነው። የገባው ግን ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል ነው። መጸዳጃው፣ የእጅ መታጠቢያው፣ ሻወሩ በአንድ ላይ ናቸው፤ ሻወሩ ሲከፈት የክፍሉ ሁሉ ግድግዳ ይረጥባል። መስኮት ካለች ትንሽ ናት፣ እሷም ብርድ እንዳይገባ ወይም ጎረቤት እንዳያይ ትዘጋለች። ሥዕሉን የሚጨርሰው የውሃ ፈረቃ ነው። ውሃ በሚመጣባት ቀን የሞላው በርሜልና የጀሪካን ሰልፍ የሚቀመጠው እዚያው ሻወር ቤት ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ የለምና። ክዳኑ የማይገጥም በርሜል ቀንና ሌሊት ይተነፍሳል።

የብረት መዝገግ ከአየር እርጥበት ጋር ያለው ነገር እንደ ደረጃ ነው። የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ገደማ በታች ሲሆን ብረት የሚዝገው በጣም በዝግታ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ግን ፍጥነቱ ባንዴ ይጨምራል። በርሜል የተቀመጠበት፣ መስኮቱ የተዘጋ ሻወር ቤት በሐምሌና በነሐሴ ከዚያ መስመር በታች መቼ ይወርዳል? ፎጣ እንኳ አይደርቅበትም። መፍትሔው ግን ብዙ ቤት አይታሰብም፤ ከመደርደሪያው ይልቅ ለበርሜሉ ጥሩ ክዳን መግዛት ዝገትን የበለጠ ይከላከላል።

ከዚያ በረኪና አለ። የአዲስ አበባ ቤት ያለ በረኪና አይጸዳም፤ መጸዳጃው፣ ወለሉ፣ ነጭ ጨርቁ ሁሉ በእሱ ነው። በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚባል የክሎሪን ውህድ ያለበት ነው፤ ሲደርቅም ክሎራይድ ይተዋል። ስቴንለስን ከሚጎዱ ነገሮች ሁሉ ግንባር ቀደሙ ክሎራይድ ነው፤ ያችን የሳሳች ቆዳ በነጥብ በነጥብ ይበሳታል፣ ቀዳዳው ላዩ ጠባብ ውስጡ ጥልቅ ይሆናል። 316 የሚባለው፣ ሞሊብዲነም የተጨመረበትና ለባሕር ዳርቻ የሚመከረው ዓይነት እንኳ በረኪና ሳይታጠብ ከደረቀበት ይነቁጣል። 304ማ ከዚያ ቀድሞ። ቤቷን በንጽሕና የምትይዘው እናት በየሳምንቱ ግድግዳውን በበረኪና ስታብስ፣ ውድ ብላ የገዛችውን ስቴንለስ በገዛ እጇ እየበላችው ነው። ማንም አልነገራትም። ሻጩም፣ የዕቃው ካርቶንም አልነገራትም።

እዚህ ላይ ሰው ልብ ሳይል ያለፈው አንድ ነገር አለ። ይኸው ቤት ውሃን በሚመለከት ከብረት ጋር ከተለያየ ቆይቷል። ድሮ ውሃ የሚያመጣው ቧንቧ ዚንክ የተለበጠ ብረት ነበር፤ ውስጡ እየዛገ እየጠበበ፣ ጠዋት ሲከፈት ቀይ ውሃ ይተፋ ነበር። ዛሬ ባለሙያው የሚዘረጋው ፒፒአር የተባለውን የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ጣሪያ ላይ የነበረው የብረት ታንከር ቀርቶ ሮቶ ወጥቷል። ውሃ የሚሸከመው ጀሪካን ፕላስቲክ ነው፤ ሳፋው ፕላስቲክ፣ ባልዲው ፕላስቲክ፣ ጆጉ ፕላስቲክ። የዘይት ሆኖ የመጣው ቢጫ ጀሪካን ዘይቱ ካለቀ በኋላ አራት ፎቅ እየወጣና እየወረደ፣ እየተጣለና እየተገፋ ስንት ዓመት ውሃ ይሸከማል! ዝገት የሚባል ነገር ነክቶት አያውቅም። የሚጠጣውን ውሃ ለፕላስቲክ ያመነ ቤት ሳሙናውን ለማስቀመጥ ብረት ካልሆነ የሚልበት ምክንያት ምንድን ነው?

መልሱ እንግዳ ነው። ሻወር ቤት እንግዳ የሚገባበት ክፍል ነው፤ ሲገባ የሚያየው ነገር እንዲያብለጨልጭ ይፈለጋል። ቡና ሊጠጣ የመጣ ዘመድ እጁን ሲታጠብ «እንዴት ያለ ቤት ነው!» እንዲል ይፈለጋል። በዚህ ላይ የሚፈርድ ሰው ልበ ደንዳና ነው፤ በዕጣ ለወጣ ቤት ዓመታት የቆጠበ ሰው ቤቱ እንዲያምርለት መፈለጉ ያስከብረዋል እንጂ አያስነቅፈውም። ነገር ግን ያው እንግዳ ከስድስት ወር በኋላ ሲመለስ የሚያየው በሴራሚኩ ላይ የወረደውን ቡናማ መስመር ነው።

ፕላስቲክን የሚቃወሙ ሰዎች የሚሉት ሁሉ ከንቱ አይደለም። ይሰበራል ይላሉ፤ አንዳንዱ ይሰበራል። እንደ መስታወት የሚያሳየው ጥርት ያለ ደረቅ ፕላስቲክ አንዴ ከወደቀ አለቀለት። በዕቃው ሥር ግን ትንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት አለ፤ በውስጡ 5 ቁጥር ካለ ፖሊፕሮፒሊን ነው። የዚህን ጽናት ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የሻምፖው ጠርሙስ ክዳን ላይ ያለችው ቀጭን ማጠፊያ አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ የተሠራች ናት፤ በቀን ስንቴ ተከፍታ ስንቴ ትዘጋለች፣ ግን አትቆረጥም። 2 ቁጥር ያለበት ደግሞ የጀሪካኑ ዘመድ ነው። ምልክት የሌለው ከሆነ ጠርዙን በእጅ ለመጠምዘዝ መሞከር ይቻላል፤ ተለምጦ የሚመለሰው ይገዛል፣ ነጭ መስመር አውጥቶ የሚንጣጣው ይተዋል። ፕላስቲክን በእርግጥ የሚገድለው ፀሐይ ነው። በረንዳ ላይ የከረመ ባልዲ እንደ ቅርፊት ይፈረከሳል፤ የልደታ ሻወር ቤት ደግሞ ፀሐይ የማይገባበት ነው። ለብረት ገሃነም የሆነው ክፍል ለፕላስቲክ የተመቸ ነው።

ልጋግ ይይዛል ይላሉ። እውነት ነው፤ ሥሩ ድፍን ከሆነ የሳሙና ውሃ ያቁርና ሻጋታ ያበቅላል። ይህ ግን የቅርጹ ጥፋት ነው። ቅርጫቱ ሥሩ ወንፊት መሆን አለበት፤ ቀዳዳው ትንሽ ጣት የሚያስገባ ያህል ቢሰፋ ይመረጣል፤ ውሃ በጠባብ ቀዳዳ ላይ እንደ ቆዳ ተዘርግቶ ይቀራልና። ከመስቀያው ተነስቶ በሳምንት አንዴ ሊታጠብ የሚችል ቢሆን ይበልጥ ጥሩ ነው። ግድግዳ ላይ በብሎን የተሰፋ ብረት ከነልጋጉ ይኖራል፤ መንጠቆ ላይ የተንጠለጠለ ቅርጫት ወርዶ በሳሙና ይታጠባል፣ ለዚያውም በረኪና ሳይጎዳው።

አሁን ወደ ግድግዳው። ከዕቃው እኩል መታሰብ ያለበት እሱ ነው፤ ብዙ መደርደሪያ የሚወድቀው በራሱ ጥፋት ሳይሆን በያዘው ነገር ምክንያት ነው። የኮንዶሚኒየም ክፍልፋይ ግድግዳ ብሎኬት ነው፤ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው። ድሪሉ ሴራሚኩን፣ ልስኑን፣ የብሎኬቱን ቅርፊት አልፎ ባዶ ቦታ ላይ ሲደርስ ድንገት ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ተራው ፊሸር እዚያ የሚነክሰው ነገር አያገኝም። (ፊሸር የሚለው ቃል በ1958 እ.ኤ.አ. የናይለን መሰኪያውን ከፈለሰፈው ከጀርመናዊው አርቱር ፊሸር ስም የመጣ ነው፤ ብዙ ሰው የዕቃው ስም ይመስለዋል።) ለክፍት ብሎኬት የሚሆነው ረዘም ያለውና ከውስጥ ሲጠብቅ የሚቋጠረው ዓይነት ነው። ብሎኑም ተራ ብረት ከሆነ ሁሉ ነገር ከንቱ ነው። ዝገት ከብረቱ በብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል፤ ቀዳዳው ውስጥ የዛገ ብሎን እያበጠ ሴራሚኩን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ስቴንለስ ብሎን እዚህ ቦታው ነው፤ ጥቂት ፍሬ ብቻ ስለሚያስፈልግ ውዱን መግዛት አይከብድም፣ ጭንቅላቱም በሲሊኮን ሊሸፈን ይችላል። ሌላው ደግሞ ሕግ ነው። ስለ ጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት የወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግሉን ቤት ከጋራ ንብረቱ ይለያል፤ ከጎረቤት ጋር የሚያዋስነውን ግድግዳ እንደ ልብ መብሳትና መቦርቦር ከቧንቧውም ከጎረቤቱም ጋር ያጣላል።

ተከራይማ ጨርሶ አይበሳም። አከራዩ ቀድመው «ግድግዳዬን እንዳትነኩብኝ» ብለዋል። ስለዚህ ተከራዩ በመምጠጫ ጎማ የሚለጠፈውን ይገዛል፤ ካርቶኑ ላይ «10 ኪሎ ይሸከማል» ተብሎ ተጽፏል። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ሻምፖውና ሳሙናው ተያይዘው ሲወድቁ ቤቱ ሁሉ ይነቃል። ምክንያቱን የሚናገር ሰው የለም። መምጠጫ ጎማን ግድግዳ ላይ የሚጫነው የውጭው አየር ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። በባሕር ዳርቻ ፋብሪካ 10 ኪሎ የያዘ ጎማ ልደታ ሲደርስ አቅሙ ወደ ሰባት ኪሎ ተኩል ይወርዳል፤ የሴራሚኩ ፊት ሸካራ ወይም ሳሙና የነካው ከሆነ ከዚያም ያንሳል። ለተከራይ የሚሻለው ደረቅና በአልኮል የተጠረገ ሴራሚክ ላይ የሚጣበቅ መንጠቆ፣ አንድ ቀን ሙሉ ምንም ሳይሰቀልበት እንዲደርቅ ተትቶ፣ ከዚያ ቀላል የፕላስቲክ ቅርጫት ነው። ወይም ደግሞ ወለል ላይ የሚቆም ባለ ሦስት ደርብ የፕላስቲክ መደርደሪያ፤ ቤት ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

የቤቱ ባለቤት የሆነ ሰው ግን ከፕላስቲክም የሚበልጥ ነገር ማግኘት ይችላል፤ ድንጋይ። ጎንደር ያለው የፋሲል መዋኛ በ17ኛው መቶ ዘመን በድንጋይና በኖራ ተሠርቶ ዛሬም በየዓመቱ ጥር 11 ጥምቀት ሲደርስ ውሃ ይሞላል፤ ውሃን ተቋቁሞ የኖረው ዝገት የሚበላው ነገር ስላልሆነ ነው። በከተማዋ እምነበረድ የሚቆርጡ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ለደረጃና ለመስኮት ደፍ ተቆርጦ የተረፈ ቁራጭ ሁልጊዜ ጥግ ላይ ይከመራል። ከዚያ ላይ ሁለት ጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ አስቆርጦ፣ ሴራሚክ በሚለጠፍበት ጊዜ ጥጉ ላይ ማስገባት ለባለሙያው ትንሽ ሥራ ነው። ኮንዶሚኒየም ሲረከቡ ሴራሚክ የሚያስለጥፉት ባለቤቶቹ ራሳቸው ስለሆኑ ይህን ለማዘዝ ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። ቁራጩ ወደ ውጭ ትንሽ ዘንበል ይበል፣ ውሃ እንዳይቆምበት። በሲሊኮን ሲዘጋ ደግሞ እንደ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት አይሁን፤ ሽታው አሲድ ነው፣ እምነበረድን ያበላሻል፣ አጠገቡ ያለውንም ብረት ይነካል። ግራናይት ከተገኘ ከእምነበረድ ይመረጣል፤ አሲድ አይፈራም። የተረፈ ሴራሚክም ቢሆን ጠርዙ ከተሞረደ ያገለግላል።

ድንጋይ ያልሆነለትና ፕላስቲክ ዓይኑን ያልሞላው ሰው አሉሚኒየም ቤት ይሂድ። መስኮትና በር የሚሠሩት ወርክሾፖች በቁራጭ ፕሮፋይል መደርደሪያ ይሠራሉ። አሉሚኒየም ቀይ ዝገት የለውም፤ የራሱ ኦክሳይድ ይጠብቀዋል። ጠላቱ ግን እዚህም በረኪና ነው፤ ላዩን አደብዝዞ ነጭ ዱቄት ያወጣበታል። በተራ የብረት ብሎን ከተያዘም ብሎኑ ቀድሞ ዝጎ አጠገቡ ያለውን አሉሚኒየም ያቆሽሻል።

እነዚህ ሁሉ ቀርተውበት «እኔ ስቴንለስ ካልሆነ አልፈልግም» የሚል ሰው፣ መደርደሪያውን ትቶ መንጠቆውን ስቴንለስ ያድርግ። ከአንድ ወጥ ብረት ተቆርጦ የታጠፈ፣ ብየዳ የሌለበት፣ ከሻወሩ ርቆ ከበሩ አጠገብ የሚሰቀል የፎጣ መንጠቆ። እዚያ ይደርቃል፣ አየርም ያገኛል፣ ስቴንለስም እንደ ስሙ ይሆናል። ሃያ የብየዳ ነጥብ ያለው የሽቦ ቅርጫት ሳሙና ሥር አስቀምጦ እንዳይዝግ መጠበቅ ግን ከብረቱ ባሕርይ ጋር መጣላት ነው።

ዝገቱን ለማጽዳት በየቤቱ የሚደረገው ነገር ሳይነሳ አይታለፍም፤ አደጋ አለበትና። ቡናማው መስመር ሲታይ መጀመሪያ የሚነሳው በረኪና ነው። በረኪና ዝገትን አያጠፋም፤ ይልቁንም ብረቱን የበለጠ ያዝጋል፣ እድፉን ያጸናዋል። ያ ሳይሠራ ሲቀር ለሴራሚክ ማጽጃ የሚሸጠው አሲድ ይመጣል። አሲዱ ዝገቱን ያነሳል፤ ተኑ ግን በተዘጋች ክፍል ውስጥ ሲቆይ የቧንቧውን ራስ፣ የበሩን ማጠፊያ፣ የቦይለሩን ብሎን ሁሉ ያዝጋል። በረኪና በፈሰሰበት ወለል ላይ አሲድ ከተጨመረ ደግሞ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው፤ ጠባብ፣ መስኮቱ በተዘጋ ሻወር ቤት ውስጥ ሳንባን ያቃጥላል፣ ሊገድልም ይችላል። ሁለቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል መዋል የለባቸውም።

ሴራሚኩ ላይ ለቀረው ቀለበት የሚበቃው ሎሚ ነው። ግማሽ ሎሚ ጨምቆ ጨርቅ ማራስ፣ ጨርቁን እድፉ ላይ አልብሶ ግማሽ ሰዓት መተው፣ ከዚያ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጎ በብዙ ውሃ ማጠብ። የሎሚው አሲድ ዝገቱን ያሟሟዋል፤ እድፉ የቆየ ከሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ይጠይቃል። እምነበረድ ላይ ግን ሎሚ አይደረግም። ከዚያ የመላጫ ፎሙ ቆርቆሮ በፕላስቲክ ክዳን ላይ ይቀመጣል፤ የዛገው የሽቦ ቅርጫት በፌስታል ተጠቅልሎ፣ «ቁራሌው!» እያለ በብሎኮቹ መካከል ለሚያልፈው ልጅ ይሰጣል። የተረፈው ብረት ጉዞ ወደ መርካቶ፣ ወደ ምናለሽ ተራ ነው፤ እዚያ ያሉት ባለሙያዎች ከእሱ ምድጃ ያወጡ ይሆናል፣ ሻወር በማይረጭበት ቦታ የሚቀመጥ ምድጃ።